ቀለም አይገባውም የተባለው ልጅ
(በአዴት ከተማ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ዲስኩር)



አዘጋጆቹ ስለ አካቶ ትምህርት እንድናገር ሲጋብዙኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አካቶ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ዓይነ ስውር የሆነው፣ መስማት የተሳነው ወይም በክራንች የሚሄደው ልጅ ነው። ለእነዚህ ልጆች ገና ብዙ ይቀረናል። ሆኖም ጉዳታቸው ስለሚታይ ቢያንስ መላ ይፈለግላቸዋል። ከዚሁ ከክልላችን፣ ከወሎ ሳይንት የወጣችውን የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ማየት እንደማትችል ሁሉም ስላወቀ የምትማርበት ቤት ተፈለገላትና ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። የሕግ ባለሙያና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች።

ዛሬ ጊዜዬን የምሰጠው ግን ችግሩ ለዓይን ለማይታይ ልጅ ነው። ዓይኑ ያያል፣ ጆሮው ይሰማል፣ እግሩ ይሮጣል፤ ፊደል ግን አልያዝ ይለዋል። ወይም ቁጥር ይምታታበታል። ወይም አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ፣ አንድ ነገር ጀምሮ መጨረስ ያቅተዋል። ለዚህ ልጅ በየቤታችን የተዘጋጀ ፍርድ አለ፤ «ቀለም አይገባውም» እንላለን። ከዚያ በኋላ ወንዱ ወደ ከብት ጥበቃ፣ ሴቷ ወደ ጓዳና ወደ ትዳር ትሸኛለች። ይግባኝ የሚልላቸው የለም።

እኔ ዛሬ ይግባኝ ልል ነው የመጣሁት። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። ይህ ልጅ ይማራል። የሚማርበትን መንገድ መፈለግ ደግሞ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ልጁን እንወቀው።

ከዚህ ብዙ በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ትምህርት ስከታተል መምህሯ አንድ ልጅ ተነሥቶ እንዲያነብ ጠሩት። ልጁ ተነሣ፤ መጽሐፉን ከፈተና በጠራ ድምፅ፣ ሳይደነቃቀፍ ገጹን አንበለበለው። አጠገቡ ስለነበርኩ ጣቱን አየሁት። አፉ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ገና ሁለተኛው ላይ ነበረች። መምህሯም ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ቀስ ብለው ጠጋ አሉና ከመካከል አንዲት ቃል እያሳዩ «ይቺ ምን ትላለች?» አሉት። ዝም አለ። ሌላም አሳዩት፤ ዝም አለ። ጓደኞቹ ሲያነቡ እየሰማ ገጹን በሙሉ በቃሉ ይዞት ኖሯል። ከፊደሉ አንዱንም አያውቀውም።

እስቲ እንፍረድ። ሙሉ ገጽ በጆሮው ብቻ ለቅሞ የያዘ ልጅ ሰነፍ ይባላል? ይህ ልጅ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በላይ ደክሟል። ሌሎቹ ያነበቡትን እሱ ሸምድዶታል፣ እንዳይታወቅበትም ሲጨነቅ ከርሟል።

እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እንዲህ ያለ የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ በሕክምና መጽሔት ላይ አውጥቶ ነበር። ልጁ ብልህ ነው፣ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም፤ ማንበብ ግን አልቻለም። ለዓመታት ያስተማረው መምህር የሰጠውን ምስክርነት ሐኪሙ ጽፎታል፤ ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች እሱን የሚደርስበት አይገኝም ነበር ብሏል። ይህ ችግር ዛሬ ዲስሌክሲያ ይባላል። አእምሮ የፊደልን ቅርጽና ድምፅ የሚያገናኝበት መንገድ ከሌላው ሰው ለየት ሲል የሚመጣ ነው። በትውልድ ሐረግ ይሄዳል፤ አባት ወይም አጎት በልጅነቱ እንደዚያው ተቸግሮ ሊሆን ይችላል። እርግማን አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ያጠፋችው ነገርም አይደለም። ቁጥር የሚምታታባቸው ልጆች አሉ። ትኩረታቸውን መሰብሰብ የሚያቅታቸውም አሉ፤ ወንዶቹ ሲንቀዠቀዡ እንቀጣቸዋለን፣ ሴቶቹ በሐሳብ ጭልጥ ብለው ሲቀመጡ ደግሞ «ጨዋ ናት» ብለን እናልፋቸዋለን። ኦቲዝም ያለባቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውም አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ መንገዳቸውም አንድ አይሆንም።

አሁን የመጀመሪያ ክፍል መምህራንን አናግራለሁ። የምታስተምሩትን ፊደል በዚያ ልጅ ዓይን እዩት። ገበታው ላይ 33 የፊደል መደብ አለ፤ በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ቋ፣ ጓ፣ ሏ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። «በ»ና «ሰ»፣ «ተ»ና «ቀ»፣ «ነ»ና «ኘ» በአንዲት ጭረት ወይም በአንዲት እጥፋት ነው የሚለያዩት። ካዕቡ በጎን፣ ሣልሱ በእግር ምልክት ይወስዳል ብለን ካስተማርነው በኋላ «ሩ»ና «ፉ» መጥተው ያንን ያፈርሱበታል። ሳድስና ሳብዕማ አንድ ወጥ ሕግ የላቸውም። ይህን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ሲያዜም ያ ልጅም አብሮ ያዜማል። ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያዜም ይችላል። እኛም ያወቀ ይመስለናል።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ላምጣችሁ። ጎጃም ይህን ጉዳይ ከፈረንጅ መጽሐፍ መማር አያስፈልገውም ነበር።

ጎንጅ ቴዎድሮስ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ቤትነታቸው አገር ያወቃቸው ናቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥም የኔታ ፊት ቁጭ ብላችሁ፣ ፊደሉን በስንደዶ እየነካችሁ የቆጠራችሁ አባቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጅ «ሀ ሁ»ን በዜማ ከወጣ በኋላ ምን ይሰጠው ነበር? አቡጊዳ። ፊደሉ ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ተቀይሯል። ለምን ተቀየረ? በቃሉ የሸመደደው ልጅ ዜማው ሲለወጥበት እንዲታወቅ ነው። ያ የሁለተኛ ክፍል ልጅ የኔታ ፊት ቢሆን ኖሮ ከአቡጊዳ አያልፍም ነበር። ቢያዝም ደግሞ አይባረርም፤ እስኪያውቀው ድረስ እዚያው ይቆያል እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለውንም ታውቁታላችሁ። መልእክተ ዮሐንስ በግእዝ ንባብ፣ ፊደል በፊደል ተለቅሞ ይነበባል፤ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፤ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ዛሬ የንባብ ችግር ያለበትን ልጅ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች የሚመክሩት ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በትንሽ በትንሹ፣ ድምፅን ከምልክቱ ጋር እያገናኙ፣ በጆሮም በዓይንም በእጅም እየደጋገሙ፣ አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው ሳይዘሉ ማስተማር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ክፍል መድገም የሚባል ነገር የለም፤ የመስከረምና የሰኔ ሩጫ የለም። አንዱ ዳዊት ሲደግም ሌላው ከጎኑ ፊደል ይቆጥራል፤ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል። ትምህርቱ በቃል ስለሆነም ዓይነ ስውራን ዜማና ቅኔ ዘልቀው መምህር ሆነው ወንበር ዘርግተዋል።

ያም ቢሆን ወደዚያው እንመለስ እያልኩ አይደለም። አለንጋው ነበር፣ ረኀቡ ነበር፣ ሴት ልጅ ለዚያ ወንበር የምትታሰበው ከስንት አንዴ ነበር። የምለው ይህን ነው፤ ልጅን በየራሱ እርምጃ ማስተማር ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። ያመጣነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ብዙ በረከት ይዞ ሲገባ ይህችን አንዷን ጥሏታል። እሷን መልሰን ማንሳት አለብን።

ሦስተኛው ስለ ሕጉ ነው፤ በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ ምክንያቱም የጎደለን ሕግ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውም እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ጥረት ይደረጋል ይል ነበር። በዚያው ዓመት በስፔን ሳላማንካ የ92 አገሮች መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው መደበኛው ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጅ እንዲከፈት ተስማሙ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች አቅሙ በፈቀደ እንዲደግፍ ያዛል። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። ወረቀቱ ሞልቷል። ወረቀቱ ግን ከወረዳው መደርደሪያ ወጥቶ 60 እና 70 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ አልገባም።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ላንሳ። በዚያው በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ልጅ ዲስሌክሲያ አለበት? በፍጹም። አብዛኞቹ የማስተማራችን ጉድለት ውጤቶች ናቸው። ስለዚህ «ለጥቂት ልጆች ብለን እንዴት አሠራር እንቀይራለን?» የሚለኝ መምህር ካለ መልሴ ይህ ነው፤ ለዚያ ለአንዱ ልጅ ብላችሁ የምትቀይሩት አሠራር የክፍሉን ሲሶ ይጠቅማል። እዚሁ አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል አንዱን የስንዴ ዝርያ ለደጋውም ለቆላውም፣ ለጥቁሩም ለቀዩም መሬት ዝሩ አይልም። ገበሬዎቻችንም እንዲያ ቢባሉ አይሰሙም። ልጆቻችን ላይ ሲሆን ግን አንዱን ዘር ለሁሉም በትነን፣ ያልበቀለውን መሬት እንወቅሳለን።

አራተኛው ነጥቤ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚለው ነው። ባለሙያ የለም፣ መሣሪያ የለም፣ ክፍሉ ጠቧል። እውነት ነው። ያለባለሙያና ያለገንዘብ የሚሠራውን ብቻ እናገራለሁ።

ከሁሉ በፊት ዓይንና ጆሮ ይታይ። ክልላችን ትራኮማ በእጅጉ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ጆሮው መግል የሚይዝ ልጅም ብዙ ነው። «ሰነፍ» ያልነው ልጅ ሰሌዳው አልታየው፣ ድምፃችን አልደረሰው ይሆናል። ወደ ጤና ኬላው ላኩት፤ እስከዚያው ከፊት አስቀምጡት።

ማየቱም መስማቱም ደህና ሆኖ ፊደል ከከበደው አስተማመሩን እንቀይር። በአንድ ጊዜ ብዙ ፊደል አትስጡት። የሚመሳሰሉትን «በ»ና «ሰ»ን በአንድ ሳምንት አታስተምሩት፤ አንዱ ሲጸና ሌላው ይምጣ። በጣቱ አፈር ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ እየጻፈ ድምፁን ያውጣ። ከሚያውቀው ነገር ተነሡ፤ «በ» ለበሬ፣ «ጤ» ለጤፍ ይሁን። ቃሉን ከማየቱ በፊት ድምፁን በጆሮው ለይቶ እንዲቆርጠው አልምዱት፤ «በሬ» ሲባል ስንት ድምፅ ይሰማሃል በሉት፣ በእጁ ያጨብጭበው። ለዚህ የሚያስፈልገው አፈርና እጅ ብቻ ነው።

ጮክ ብለህ አንብብ እያላችሁ ክፍል ፊት በድንገት አታቁሙት። የሚነበበውን ከአንድ ቀን በፊት ንገሩትና ከጓደኛው ጋር ተለማምዶ ይምጣ። በእረፍት ሰዓት ለብቻው ሁለት ደቂቃ ስሙት። ጎበዙን ተማሪ ከጎኑ አስቀምጡት፤ ስታጣምሩ ግን የሚሳለቅበትን ሳይሆን ሆደ ሰፊውን ምረጡለት።

ፈተናን በተመለከተ አጥብቄ የምለው ነገር አለኝ። የአካባቢ ሳይንስ ፈተና የምንፈትነው የአካባቢ ሳይንስ ማወቁን ለማየት ከሆነ ጥያቄውን አንብቡለትና በቃሉ ይመልስ። ስለ አፈር መሸርሸር የሚያውቀውን ጠይቁት፤ የአባቱን ማሳ እርከን እያነሣ ይነግራችኋል። ያንኑ በወረቀት ስትጠይቁት ባዶ ይመልሳል። ባዶው ወረቀት የሚያሳየው የንባብ ችግሩን ነው፤ እኛ ግን የሳይንስ ውጤት ብለን እንመዘግበዋለን። ሒሳብም እንዲሁ ነው። በገበያ ቀን ዕንቁላል ሸጣ መልሱን ያለስሕተት የምትቆጥር ልጅ ደብተር ላይ መደመር ቢያቅታት፣ ከገበያው ሒሳብ ተነሥቶ ወደ ደብተሩ ማምጣት የመምህሩ ብልሃት ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ በብሔራዊ ፈተና አንባቢ እንዲመደብለት ተቀብለናል። ሲያነብ ለሚያዘግም ልጅም ቢያንስ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠው የመጠየቅ ድፍረት ይኑረን። በተለይ በ9ኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር በአማርኛ እንደምንም የተንገዳገደው ልጅ እዚያ ይወድቃል። የኛ ፊደል አንዴ ከታወቀ በድምፁ ይጸናል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን በየቃሉ ድምፁን ይለዋውጣል።

ዱላውን እባካችሁ ጣሉት። «ደደብ» የሚለውንም ቃል አብራችሁ ጣሉት። ዱላ ፊደል አስተምሮ አያውቅም፤ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ያ ልጅ ገጹን በቃሉ የያዘው ከእውቀት ፍለጋ ይልቅ ከፍርሃት ለመዳን ነበር።

አምስተኛው ለወላጆች ነው። እናቶች፣ አባቶች፤ የማይናገር ወይም ከሰው የማይቀላቀል፣ እድገቱ የዘገየ ልጅ ያላችሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ እንደምታስገቡት አውቃለሁ። የምታፍሩበት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዳይስቅበት ፈርታችሁም ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ሲያውቁና የሚቀበለው ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በአደባባይ ወጥተው ስለ ልጃቸው ተናገሩ፤ እሳቸው ሲናገሩ የደበቁ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መውጣት ጀመሩ። ለልጆቹም አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባል የማስተማሪያ ዘዴ ቀረጹ። ስሙን ልብ በሉት፤ ያው የየኔታ አቡጊዳ ነው። ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል፤ የከፈቱት በር ግን አልተዘጋም። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ማዕከል እስኪመጣ አንጠብቅ። ጠበል ብትወስዱት አልቃወምም፤ ከጠበሉ ጎን ለጎን ግን ጤና ጣቢያም ይታይ፣ ትምህርት ቤትም ይመዝገብ። ልብሱን መልበስ፣ እጁን መታጠብ፣ ስሙን መጻፍ፣ ሰው ሰላም ማለት ለእሱ ትምህርት ነው። ይህ ልጅ ይማራል።

ለወረዳችንና ለዞናችን የትምህርት ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በየጉድኝት ማዕከሉ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ አንድ መምህር ይመደብ፤ የተመደበውም ያንኑ ሥራ ይሥራ። የሠለጠነውን ሰው የጎደለ ክፍለ ጊዜ መሸፈኛ አታድርጉት። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ መምህራንን ያግዝ። ወላጅ መምህር ኅብረቱም ስለ አጥርና ስለ ወንበር ሲነጋገር ወደኋላ ስለቀሩት ልጆች አንድ አጀንዳ ይያዝ።

ይህን አሁን የምጠይቀው በምክንያት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንቱ ልጅ ደብተሩን እንደጣለ ከኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት ቀድሞ የሚመለሰው የሚሳካለት ልጅ ነው። ማንበብ የከበደው ልጅ ግን ለመቅረት ሲፈልገው የነበረውን ምክንያት አግኝቷል። ዕድሜው 12 ሞልቶ ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር ፊደል ሊቆጥር ያፍራል። ሄደን ካልጠራነው አይመጣም።

ስለዚህ መምህራን፣ ሰኞ ክፍል ስትገቡ ስም መጥሪያውን ከላይ እስከ ታች እዩና «ቀለም አይገባውም» ያላችሁትን አንድ ልጅ ለዩ። ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩት። በእረፍት ሰዓት ለብቻው ስሙት። የቀረ ከሆነም ቤቱ ድረስ ሂዱና ከእናቱ ጋር ተነጋገሩ። ወላጆችም መምህሩ ሲመጣ ልጁን ከጓዳ ጥሩት፤ አብሯችሁ ይቀመጥ።